የክብር እንግዳ የሌለበት ስብሰባ

«የክብር እንግዳችን እስኪደርሱ ድረስ በትዕግሥት እንድትጠብቁን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ሳይሰማ ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ። የትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ላይ ሰምተናታል፤ ምርቃት ላይ ሰምተናታል፤ አድገን ደግሞ «ፈጠራ»፣ «ዲጂታል»፣ «ስታርታፕ» የሚሉ ቃላት ባነር ላይ በተጻፉባቸው ጉባኤዎች እንሰማታለን። ሁሉም የሚጀምረው በመጠበቅ ነው። እንግዳው ይመጣሉ፤ ብድግ እንላለን። የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር፣ የመክፈቻ ንግግር፣ የስፖንሰሩ ንግግር። ከዚያ የሻይ ዕረፍት። ከሻይ መልስ የክብር እንግዳው ሌላ አስቸኳይ ስብሰባ ስላለባቸው ይሄዳሉ፤ ካሜራውም አብሯቸው ይሄዳል። አዳራሹ ውስጥ የምንቀረው እኛ ነን፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ «ጊዜ ስላጠረን ሦስት ጥያቄ ብቻ እንቀበላለን» የምንባለው እኛ።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ተቃራኒው ነው። የክብር እንግዳ ስለሌለው፣ ፕሮግራሙ አስቀድሞ ስላልታተመ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተመልካች ስለሌለው ስብሰባ። ስሙ ባርካምፕ ይባላል። ከኮምፒውተር ሰዎች የመጣ ነገር ስለሆነ የኮምፒውተር ነገር ይመስላል፤ በእኔ እምነት ግን የሰው ነገር ነው።

ሙግቴን ከፊት ላስቀምጠው። የአዲስ አበባ የቴክኖሎጂ ወጣት የጎደለው አዳራሽ አይደለም፤ ስፖንሰርም፣ ሰርተፍኬትም አይደለም። የጎደለው ተመልካች መሆን የማይፈቀድበት ቀን ነው። ይህን ቀን ደግሞ ማንም አይሰጠንም። ሳንጠብቅ የምናደርገው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያልተጠሩት ሲጠራሩ

ነገሩ እንዲህ ነው። ቲም ኦራይሊ የሚባል የኮምፒውተር መጻሕፍት አሳታሚ አለ። ፕሮግራም መጻፍ የተማረ ሰው ሽፋናቸው ላይ እንስሳ የተሳለባቸውን መጻሕፍቱን ያውቃቸዋል። ይህ ሰው በ2003 በካሊፎርኒያ፣ ሴባስቶፖል በምትባል ከተማ በሚገኘው የድርጅቱ ግቢ «ፉ ካምፕ» የሚባል ስብሰባ ማዘጋጀት ጀመረ። «ፉ» በእንግሊዝኛው «የኦራይሊ ወዳጆች» ለማለት የወጣ ምኅጻረ ቃል ነው። ወዳጆቹ ሣሩ ላይ ድንኳን ተክለው ያድራሉ፤ ማን ስለ ምን እንደሚናገር እዚያው ከደረሱ በኋላ ራሳቸው ይወስናሉ። ግሩም ነገር ነበር። አንድ እንከን ብቻ ነበረበት፦ ካልተጠራህ አትገባም።

በኦገስት 2005 ከተጠሪዎቹ ዝርዝር ውጭ የሆኑ ጥቂት ወጣቶች ነበሩ። ቅሬታ ጽፈው መቅረት ይችሉ ነበር። እነሱ ግን የራሳቸውን ጠሩ። ሐሳቡ ከተፀነሰ ሳምንት ሳይሞላው፣ ከኦገስት 19 እስከ 21፣ ሶሻልቴክስት የተባለ አንድ ኩባንያ በፓሎ አልቶ የሚገኘውን ቢሮውን ከፍቶላቸው ሁለት መቶ ገደማ ሰው ተሰበሰበ። ከጠሪዎቹ መካከል ክሪስ ሜሲና፣ ታንቴክ ቼሊክ እና የዎርድፕሬሱ ማት ሙለንዌግ ይገኙበታል። የክብር እንግዳ አልነበረም። የመግቢያ ዋጋም አልነበረም።

ስሙን «ባርካምፕ» አሉት። ከመጠጥ ቤት ጋር ዝምድና የለውም፤ ለዚያ ብላችሁ ማንበብ የጀመራችሁ ካላችሁ ይቅርታ። ፕሮግራመሮች በምሳሌ ላይ «እገሌ» ማለት ሲፈልጉ «ፉ» ይላሉ፤ ሁለተኛ እገሌ ሲያስፈልግ «ባር» ይላሉ። ያኛው ፉ ካምፕ ከሆነ ይሄኛው ባር ካምፕ ነው። ኩርፊያን በቀልድ መመለስ ማለት ይህ ነው።

ቀልዱ ግን እዚያ አልቀረም። በቀጣዮቹ ዓመታት ከ350 በላይ በሚሆኑ የዓለም ከተሞች ባርካምፕ ተካሂዷል። ያስፋፋው ዋና መሥሪያ ቤት የለም። ፈቃድ የሚሰጥ ፕሬዚዳንትም የለውም። የፈለገ ሰው ስሙን ወስዶ በከተማው ያደርገዋል።

አሠራሩን ላስረዳችሁ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ጠዋት ስትገቡ ግድግዳው ላይ ባዶ ሰንጠረዥ ታገኛላችሁ። ከላይ ወደ ታች ሰዓት፣ ከግራ ወደ ቀኝ ክፍል። መናገር የፈለገ ወረቀት ላይ ርእሱንና ስሙን ጽፎ ባዶ ካሬ ላይ ይለጥፋል። አለቀ፤ ፕሮግራሙ ያ ነው። ራስን ማስተዋወቅ በሦስት ቃል ብቻ። (ያን ሁሉ የ«ዋና ሥራ አስፈጻሚና መሥራች» ማዕረግ በሦስት ቃል ማን ይጨርሰዋል?) አስቀድሞ ቦታ ማስያዝ የለም፤ ለሽርሽር መምጣት የለም። ከሁሉም የምወደው ሕግ የመጨረሻው ነው፦ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሰው የግድ ያቀርባል።

እስኪ ይህችን ሕግ ቆም ብላችሁ አስቡባት። በእኛ ስብሰባ አዲስ የመጣ ሰው የመጨረሻው ረድፍ ላይ ይቀመጣል። እዚያ ግን አዲስ የመጣው ነው መጀመሪያ የሚጠየቀው። «ምን ይዘህ መጣህ?» ይባላል። መመዘኛው የመሥሪያ ቤት ስም አይደለም፤ ያመጣኸው ነገር ነው።

የሻይ ዕረፍቱ ሲያሸንፍ

ነገሩን የፈጠሩት ግን የ2005ቶቹ ልጆች አይደሉም። ከእነሱ ሃያ ዓመት በፊት ሃሪሰን ኦወን የሚባል አሜሪካዊ ነበር። በ1983 አንድ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ለማዘጋጀት ዓመት ሙሉ ደከመ፤ ተናጋሪ ጋበዘ፣ ወረቀት አሰባሰበ፣ አዳራሽ አደራጀ። ሁሉም ሲያልቅ ሰዎቹ ከሁሉ የወደዱት የቡና ዕረፍቱን መሆኑን ተረዳ፤ ማለትም እሱ ምንም ያልደከመበትን ክፍል።

ሌላ ሰው ቢሆን ይናደድ ነበር። ኦወን ግን ጠየቀ፦ ጉባኤው ሁሉ የቡና ዕረፍት ቢሆንስ? በ1985 ወንበሮቹን በክብ ደርድሮ፣ ግድግዳውን ባዶ ትቶ ሞከረው። «ኦፕን ስፔስ» የሚባለው የስብሰባ ዘዴ እንዲህ ተወለደ። ሕጉም አንድ ነው፤ «የሁለት እግር ሕግ» ይባላል። እየተማርክ ካልሆነ፣ ወይም እያስተማርክ ካልሆነ፣ ሁለት እግር አለህና ተነሥተህ ወደሚጠቅምህ ክፍል ሂድ። መውጣት ነውር አይደለም። ነውሩ ከጥግ ተቀምጦ ስልክ መነካካት ነው።

ኦወን ሐሳቡን ያገኘው ከቡናው ብቻ አይደለም። በወጣትነቱ ላይቤሪያ ውስጥ ሲሠራ፣ ባላማ በምትባል የገጠር መንደር ወንዶች ልጆች ለአቅመ አዳም የሚደርሱበትን ሥርዓት አይቶ ነበር። በዓሉ አራት ቀን ሙሉ ያለ አንዳች የሚታይ አዘጋጅ ኮሚቴ፣ ያለ አንዳች የታተመ ፕሮግራም በሰላም ተካሄደ። ከዚያ አየው፦ ክብ ሆኖ መቀመጥ፣ ሁሉም የሚያውቀው ልማድ፣ ሁሉም የሚሳተፍበት ሥራ። እንግዲህ በሲሊከን ቫሊ ዞሮ «አዲስ» ተብሎ የመጣልን ነገር ከሥሩ አንድ እግሩ አፍሪካ ገጠር ውስጥ ነበር ማለት ነው። ይህን የምለው «ሁሉም ነገር ከእኛ ነው የተሰረቀው» የሚለውን ዘፈን ለመክፈት አይደለም። «ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ለእኛ ባህል አይሆንም» የሚል ወዳጅ እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው።

ከባርካምፕ በፊት የነበረ አንድ ሌላ አያት ልጨምር። ማርች 5 ቀን 1975፣ ሜንሎ ፓርክ፣ ጎርደን ፍሬንች የሚባል ሰው ጋራዥ ውስጥ ሠላሳ ገደማ ሰዎች ተሰበሰቡ። አልቴር 8800 የሚባል፣ ገዢው ራሱ የሚገጣጥመው ኮምፒውተር ገና መውጣቱ ነበርና ሁሉም ስለሱ ማውራት ፈልጎ ነው የመጣው። ክለቡ «ሆምብሩ» ተባለ፤ በአማርኛ «የቤት ጠመቃ» ማለት ነው፤ እንደ ጠላ። በስብሰባው አንዱ ይነሣና ያለውን ይናገራል፤ ሌላው የጎደለውን ይናገራል፤ ከዚያ ያለውና የጎደለው ይፈላለጋሉ። በዚያ የመጀመሪያ ቀን ጋራዡ ውስጥ ከነበሩት አንዱ ስቲቭ ዎዝኒያክ ነው። ለክለቡ ጓደኞቹ ሊያሳይ የሠራው ማሽን በኋላ አፕል 1 ሆነ፤ ንድፉንም ለጓደኞቹ በነጻ ያድል ነበር። የዓለም ትልቁ ኩባንያ ከመሆኑ በፊት አፕል «እስኪ እዩልኝ» ነበር።

ባርካምፕም የራሱን ወልዷል። ኦገስት 23 ቀን 2007 ክሪስ ሜሲና ትዊተር ላይ አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ ስለ አንድ ጉዳይ የሚያወሩ ሰዎች እንዲገናኙ ከቃሉ ፊት የ# ምልክት ብናደርግስ? ምሳሌ ሲያስፈልገው የመረጠው ቃል «ባርካምፕ» ነበር። ዛሬ ሠርግም፣ ለቅሶም፣ አብዮትም ሃሽታግ አለው። የመጀመሪያው ግን የስብሰባ ስም ነበር።

ቅርባችንን እንይ። በ2008 የናይሮቢ ባርካምፕ ላይ የከተማዋ ፕሮግራመሮች «የራሳችን መገናኛ ቦታ ያስፈልገናል» የሚል ወሬ አነሡ። ወሬው በማርች 2010 አይሃብ የሚባል ቦታ ሆኖ ተከፈተ፤ ናይሮቢን የአፍሪካ የቴክኖሎጂ መናኸሪያ ብለው የሚጠሩ ሰዎች ሁሉ በቅድሚያ የሚጠቅሱት ስም ሆነ። (በ2019 ሲሲሃብ የሚባል የናይጄሪያ ድርጅት ገዝቶታል።) በዚያው በ2008 መጨረሻ ጋና የመጀመሪያዋን ባርካምፕ አክራ ላይ አደረገች፤ ጋናቲንክ የተባለ የወጣቶች ስብስብ ከዚያ በኋላ ነገሩን ከዋና ከተማዋ አውጥቶ ወደ ኩማሲ፣ ወደ ታማሌ፣ ወደ ታኮራዲ ይዞት ሄደ። ለኬንያና ለጋና ይህን የሰጣቸው የለም። ጠርተው ነው፤ ተጠራርተው።

ለየብቻ የመሥራት ዋጋ

«ታዲያ እኛ ምን ጎደለን?» ለሚል አንድ ምሳሌ አለኝ፤ ዓይናችሁ ስር ያለ ነው። አሁን የምታነቡት ፊደል።

የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለም ኮምፒውተሮች በጋራ ወደሚግባቡበት የፊደል መዝገብ የገባው በ1999 በወጣው ሦስተኛው ዕትም ነው። ከዚያ በፊት ብርቱ ብርቱ ኢትዮጵያውያን፣ አገር ቤትም አሜሪካም፣ አማርኛን ኮምፒውተር ላይ ለማስቀመጥ ሌሊት ሠርተዋል። ባለውለታዎቻችን ናቸው። ችግሩ እያንዳንዱ ለየብቻው መሥራቱ ነበር። አንዱ ሶፍትዌር «ሀ»ን እዚህ ቁጥር ላይ ያስቀምጣታል፤ ሌላው እዚያ። ውጤቱን የዚያ ዘመን ጸሐፊ ሁሉ ያውቀዋል፤ በአንዱ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ሌላ ቢሮ ሲደርስ የቁራ ጭረት ይሆናል። ዩኒኮድ ከመጣ በኋላም እንኳ ስንቱ መሥሪያ ቤት ለዓመታት በአሮጌው መንገድ ሲጽፍ ኖሯል። በዚያ መንገድ የተቀመጡ ስንትና ስንት ሰነዶች ዛሬ ያለ መቀየሪያ አይነበቡም።

ጉድለቱ የእውቀት አልነበረም። የጠረጴዛ ጉድለት ነበር። እነዚያ ሰዎች ቀደም ብለው አንድ ቅዳሜ አንድ ክፍል ውስጥ ወረቀት ቢለጥፉ ኖሮ ሁሉም ይፈታ ነበር አልልም። ነገር ግን «አንተም ይሄን ትሠራለህ እንዴ?» የሚለውን ጥያቄ አሥር ዓመት ቀድሞ መጠየቅ የሚያድነውን ልፋት አስቡት።

ዛሬም ያው ነው። የመማሪያው በር ከመቼውም በላይ ተከፍቷል። በጁላይ 2024 መንግሥት ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር በመሆን አምስት ሚሊዮን ወጣቶችን ኮድ ለማስተማር ያለመ ነጻ የኢንተርኔት ሥልጠና ይፋ አድርጓል፤ የጨረሰ ሰርተፍኬት ይቀበላል። ጥሩ ነው፤ ይብዛ። ግን ጥያቄ አለኝ። ሰርተፍኬቱን ያወረደችው የኮልፌ ልጅ ነገ ጠዋት የማን አጠገብ ትቀመጣለች? የጻፈችው ኮድ አልሠራ ሲላት ማንን ትጠይቃለች? ከእሷ ሁለት ሰፈር ወዲያ ያንኑ ችግር ትናንት የፈታ ልጅ እንዳለ በምን ታውቃለች? ኮርስ ሰውን ከስክሪን ጋር ያገናኛል። ሰውን ከሰው ጋር ማገናኘት ግን ሌላ ሥራ ነው፤ ያንን ደግሞ ማንም በዕቅዱ ውስጥ አይጽፍልንም።

ለምን እንደማይሆን የሚነግሩን

እስኪ የምሰማቸውን መልሶች አንድ በአንድ ላንሣ።

«አዳራሽ የለም።» አዳራሽ አለ፤ ደብዳቤ ነው የሌለው። አንድ ክፍል ለግማሽ ቀን የጠየቀ ወጣት የመጀመሪያው ጥያቄ «ከየት መሥሪያ ቤት ነው የመጣችሁት?» ነው። ሁለተኛው «ደብዳቤ ይዛችኋል?» ሦስተኛው «ማኅተም አለው?» ባለቤት የሌለው ስብሰባ ያስፈራል። ከጀርባው ማን አለ ይባላል። ከጀርባው ማንም ከሌለ ደግሞ የበለጠ ያጠራጥራል። ይህ ፍርሃት ከሰማይ አልወረደም፤ የኖርንበት ነው፤ አልቀልድበትም። ግን ሌሎችም ኖረውበታል። በጃንዋሪ 2010 የምያንማር ወጣቶች ያንጎን ላይ የመጀመሪያውን ባርካምፕ ሲጠሩ አገሪቱን የሚገዛው ወታደር ነበር፤ ኢንተርኔቱ በወንፊት ነበር የሚገባው፤ በጦማሩ ምክንያት የታሰረ ወጣትም እስር ቤት ነበር። እነሱ ግን ስለ ሶፍትዌር፣ ስለ ፎንት፣ ስለ ድረ ገጽ ሊያወሩ ተጠራሩ። ከሁለት ሺህ በላይ ሰው መጣ። በ2013 ደግሞ ተመዝጋቢው ከ6,400 በልጦ ከዓለም ባርካምፖች ሁሉ ትልቁ ተባለ። በ2021 ወታደሩ ተመልሶ መጥቷል፤ ስብሰባ አገዛዝ አይለውጥም። ነገር ግን ለዓመታት ተራ ወጣቶች ተገናኝተው አንዱ ሌላውን ማስተማር እንደሚችል አይተዋል፤ ያዩትን ደግሞ ማንም ተመልሶ ሊያስረሳቸው አይችልም።

ደግሞስ አዳራሽ ለምን ያስፈልጋል? ሆምብሩ የተጀመረው ጋራዥ ውስጥ ነው። የቡና ቤት የላይኛው ፎቅ አለ። የጓደኛ ቢሮ ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ ነው። መብራት ቢጠፋ ራሱ የሚቀርብን ፓወር ፖይንቱ ብቻ ነው፤ እሱም ቢቀር አንሞትም።

«ያለ አበል ማን ይመጣል?» እውነት ነው፤ ብዙ ሰው አይመጣም። እሰየው። ለአበል የሚመጣው ሰው ሲቀር የሚተርፈው ነው የሚፈለገው። ሠላሳ ሰው ይበቃል። የመጀመሪያው የሆምብሩ ስብሰባም ሠላሳ ገደማ ነበር።

«ቴሌግራም አለ እኮ፤ እዚያ እንገናኛለን።» ቴሌግራም ላይ ሃምሳ ሺህ አባል ያለው ግሩፕ አለን፤ ከሃምሳ ሺው የሚጽፈው ሃምሳ ነው። ሌላው ያው ተመልካች ነው፤ አዳራሹ ብቻ ነው የሰፋው። በዚያ ላይ ኢንተርኔት እንደሚጠፋ የምናውቅ ሰዎች ነን። በጁን 2019 አገር ሙሉ ለቀናት ሲጨልም የቴሌግራም ወዳጆቻችን ሁሉ የት ሄዱ? ቤቱን የምታውቀው ጓደኛህ ብቻ ነበር የቀረህ።

«ሥርዓት ከሌለ ጩኸታሙ ይነግሣል።» ከሁሉም ተቃውሞዎች ይሄ ነው ከባዱ፤ ስለዚህ በቀልድ አላልፈውም። ጆ ፍሪማን የምትባል አሜሪካዊት የሴቶች መብት ታጋይ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የጻፈችው ስለዚሁ ነው። «መሪ የለንም፣ መዋቅር የለንም» የሚሉ ቡድኖች በተግባር መሪ አላቸው፤ ልዩነቱ መሪው አለመመረጡና መጠየቅ አለመቻሉ ነው ብላ ተከራከረች። ትክክል ነች። ክፍት በተባለ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛው የሚቀናው፣ ላፕቶፑ አዲስ የሆነው፣ ድምፁ ወፍራም የሆነው ልጅ ቀኑን ሙሉ ሊወስደው ይችላል። ሴት ልጅ ብቻዋን የገባችበት ክፍል ምን እንደሚመስል ለማወቅ እንድትነግራችሁ መጠየቅ ነው።

መፍትሔው ግን የክብር እንግዳውን መልሶ መጥራት አይደለም። ባርካምፕ ሥርዓት የለውም ያለው ማነው? ሕጎቹን ከላይ ቆጥሬላችኋለሁ። ከአዳራሹ ስብሰባ የሚለየው ሕጉ ግድግዳ ላይ መጻፉና ለሁሉም እኩል መሥራቱ ነው። ይህን ደግሞ እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ዕቁብ ማለት ምንድን ነው? ባንክ አይደለም፤ መንግሥት አላቋቋመውም፤ ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ የቀረ ይቀጣል፤ ተራው በዕጣ ይወጣል። እድር ማለት ምንድን ነው? «ለቅሶ ላይ ተመልካች መሆን አይቻልም» የሚል ተቋም ነው፤ ድንኳን ትተክላለህ ወይም ወንበር ትሸከማለህ። እናቶቻችን ያለ ስፖንሰርና ያለ ባነር ለዘመናት ሲያካሂዱት የኖሩትን ነገር እኛ «ኢኮሲስተም» ብለን የውጭ አማካሪ እንጠብቅለታለን።

አንድ ቅዳሜ

ስለዚህ የምለው ይህን ነው። አንድ ቅዳሜ። ሠላሳ ሰው የሚይዝ ክፍል፣ አንድ ባዶ ግድግዳ፣ ወረቀት፣ ማርከር፣ ማጣበቂያ። የቡናውን ሒሳብ እያንዳንዱ ለራሱ ይክፈል። ሃያ ደቂቃ ለአንድ ሰው፤ ሰዓት የሚይዝ አንድ ጨካኝ ይመረጥ። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ከነባሩ በፊት ይናገር፤ ያኔ ጩኸታሙ ተራውን መጠበቅ ይማራል።

በአማርኛ እናውራ፤ ኦሮምኛም ትግርኛም የሚቀናው በሚቀናው ያውራ፤ አጠገቡ ያለው ያስረዳዋል። በእንግሊዝኛ ብቻ ሲሆን ሰው የሚያውቀውን ትቶ የሚናገረውን መፈለግ ይጀምራል። የጨረስነውን ብቻ ሳይሆን ያቃተንን ይዘን እንምጣ፤ «ይሄ ነገር ሦስት ሳምንት እንቅልፍ ነሣኝ» ያለ ሰው ከማንኛውም የፓነል ተናጋሪ በላይ ይደመጣል። ክፍሉ የማይጠቅመን ከሆነ ሁለት እግር አለን፤ ኮሪደር ላይ እናውራ (የኮሪደር ልማቱን ማለቴ አይደለም)።

የሚቀጥለውን የሚያዘጋጀው ደግሞ በዕጣ ይውጣ፤ እንደ ዕቁብ። ጆ ፍሪማን የፈራችውን የማይታይ መሪ የሚያጠፋው ይህ ነው። ዕጣው የወጣለት ሰው ክፍል መፈለግ እንዴት እንደሚያደክም ያያል፤ ከዚያ በኋላ ሲመጣ ወንበር ያነሣል። ስፖንሰር ከመጣ ቡና ይግዛልን፤ መድረኩን ግን አንሰጠውም።

ሰርተፍኬት አይኖርም። የቡድን ፎቶ ከፈለጋችሁ ተነሡ፤ ከፊት የሚቀመጥ ግን የለም። «ውጤቱ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ መልሱ «አናውቅም» ነው። ዎዝኒያክም ያን ምሽት ጋራዡ ውስጥ ሲገባ አያውቅም ነበር። የናይሮቢዎቹም ወረቀታቸውን ሲለጥፉ አይሃብ የሚባል ነገር ይወለዳል ብለው አልፈረሙም። የሚታወቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያ ቀን መጨረሻ ሠላሳ ሰዎች ሃያ ዘጠኝ ሌሎች ሰዎች ምን እንደሚያውቁ ያውቃሉ። በዚህ ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የክብር እንግዳው ቢመጡስ? በደስታ! በር ላይ ወረቀትና ማርከር እንሰጣቸዋለን። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሰው የግድ ያቀርባል።